ውሎና አዳር፦ ዊግታውን የመጻሕፍት ከተማ፣ እንግዶቿና ቤቶቿ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በጋሎዌይ ምድር የምትገኘውን ዊግታውን የተባለች ጥንታዊ የገጠር ከተማ ይመለከታል። ከተማዋ የቀድሞ መተዳደሪያዎቿን ካጣች በኋላ በ1998 «የስኮትላንድ ብሔራዊ የመጻሕፍት ከተማ» የሚል ስያሜ ይዛ በእንግዳ መኖር ጀመረች። የጥናቱ መከራከሪያ፣ ለእንዲህ ያለች ከተማ ወሳኙ ጉዳይ የጎብኚዎች ብዛት ሳይሆን ውሎ የሚመለሰውና የሚያድረው እንግዳ ልዩነት ነው የሚል ነው። ከተማዋን የሚያቆማት አዳሪው ነው፤ እርሱ የሚተኛበት ቤት ግን ነዋሪ ሊኖርበት ይችል የነበረ ቤት ነው። ይህን ውጥረት ለማሳየት በፐርዝሺር የምትገኘው ደንኬልድ ለንጽጽር ቀርባለች። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

አማርኛ ተናጋሪ ሰላምታ ሲሰጥ ውሎንና አዳርን ለይቶ ይጠይቃል፤ ማለዳ «እንዴት አደርክ»፣ ከሰዓት በኋላ «እንዴት ዋልክ» ይላል። የብሪታንያ የቱሪዝም መረጃ ሰብሳቢዎችም ሁለቱን ለይተው ይመዘግባሉ፤ የቀን ጉብኝት በአንድ መዝገብ፣ የአዳር ጉዞ በሌላ። በጥናቶች ውስጥ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደምረው «የጎብኚ ቁጥር» የሚል አንድ ስም ይሰጣቸዋል። በትልቅ ከተማ ይህ መደመር እምብዛም ጉዳት ላያስከትል ይችላል። አንድ ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ ግን ዋናውን ነገር ይሰውራል፤ ምክንያቱም የቀን ጎብኚው የሚሻው የመኪና ማቆሚያና ቡና ሲሆን፣ አዳሪው የሚሻው ቤት ነው።

ዊግታውን ለዚህ ምርመራ የተመረጠችው በርቀቷ ምክንያት ነው። ማቻርስ በሚባለው ወደ ባሕር በገባ የምድር ልሳን ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከኤድንብራም ሆነ ከግላስጎው በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባቡር በ1875 ደርሶላት ነበር፤ የመንገደኞች አገልግሎት ግን በ1950 ተቋረጠ። ዛሬ ከዱምፍሪስ ባቡር ጣቢያ የሚነሣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ኒውተን ስቱዋርት ላይ አውቶቡስ ለውጦ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ወደዚህች ከተማ «ደርሶ መልስ» የሚባል ጉዞ ለብዙዎች አድካሚ ነው፤ መንገዱ ራሱ እንግዳውን እንዲያድር ይገፋፋዋል። የባቡሩ መቅረት ለከተማዋ ጉዳት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከተማዋ በቀን ጎብኚ እንዳትጥለቀለቅ ሳይታሰብ አጥር ሆኗል ማለት ይቻላል።

የቦታው አቀማመጥና የጠፉት መተዳደሪያዎች

ወደ ዊግታውን የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ለከተማዋ መጠን ከልክ በላይ የሚሰፋ የሚመስለውን አደባባይ ነው። ስፋቱ ለውበት ተብሎ አልነበረም፤ የከብት ገበያ ስፍራ ነበርና። ዛሬ መካከሉ በሣርና በአበባ የተሸፈነ የሕዝብ መናፈሻ ነው። በአንደኛው ጫፍ የአውራጃው ሕንፃ ይታያል፤ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ አሠራር የተገነባ፣ ባለ ረጅም ግንብ ሕንፃ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከነገሥታት ፈቃድ አግኝተው ይነግዱ የነበሩ የስኮትላንድ ከተሞች ምልክት የሆነው የገበያ መስቀልም በስፍራው ቆሟል።

አደባባዩ፣ ሕንፃውና መስቀሉ ሦስቱም የሚናገሩት ሌሎች ሰዎች ለሥራ ይመጡባት ስለነበረች ከተማ ነው። ገበሬ ከብት ሊሸጥ፣ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ሊቆም፣ መርከብ እህል ሊጭን ይመጣ ነበር። ወደቡ በደለል ተሞልቶ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። አውራጃዋ በ1975 በተደረገው የአካባቢ አስተዳደር ለውጥ ከአስተዳደር ካርታ ወጣች። ከከተማዋ በታች ባለው ብላድኖክ መንደር የነበረው የወተት ተዋጽኦ ፋብሪካ ተዘጋ። እዚያው ያለው በ1817 የተቋቋመ የውስኪ ፋብሪካም በ1993 ሥራ አቆመ፤ ውስኪ መጥመቅ የቀጠለው በሌላ ባለቤት እጅ ከገባ በኋላ በ2000 ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በአደባባዩ ዙሪያ የነበሩት ብዙ ሱቆች ባዶ፣ ብዙ ቤቶችም ጥገና አጥተው የቆዩ ነበሩ።

እነዚህን ሁኔታዎች በዝርዝር ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ የገጠር ከተማን «ታሪካዊ» የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ድህነቷ ስለሆነ ነው። ሀብት ያላቸው ከተሞች የድሮ ፊታቸውን አፍርሰው አዲስ ሠርተዋል። ዊግታውን ለማፍረስም ለመሥራትም አቅም ባጣችበት ዘመን ሳትለወጥ ቀረች፤ ጎብኚው ዛሬ የሚያደንቀው ያንን ነው።

መጽሐፍ ለምን?

አሮጌ መጻሕፍትን የከተማ መተዳደሪያ የማድረግ ሐሳብ የመጣው ከዌልስ ድንበር ነው። ሪቻርድ ቡዝ በሄይ ኦን ዋይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ከፍቶ፣ በ1977 ሚያዝያ 1 ቀን ራሱን «የሄይ ንጉሥ» ብሎ በማወጅ የጋዜጦችን ዓይን ሳበ። በ1984 የቤልጅየሟ መንደር ረዱ ተከተለች። ዊግታውን ከሁለቱ የምትለየው ጅማሬዋ በአንድ ሰው ቅብጠት ሳይሆን በውድድር መሆኑ ነው፤ የስኮትላንድን የመጻሕፍት ከተማ ለመምረጥ ፍለጋ ሲካሄድ ከሌሎች ትናንሽ ከተሞች ጋር ተወዳድራ አሸነፈች። ባዶ ሱቆቿ፣ ርካሽ ቤቶቿና ሰፊው አደባባይዋ በሌላ ጊዜ የውድቀት ማስረጃ ይሆኑ የነበሩ ነገሮች ናቸው፤ በዚያ ውድድር ግን ለእርሷ መሰከሩ።

አሮጌ መጽሐፍ ከሌሎች ሸቀጦች የሚለይበት አንድ ጠባይ እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አዲስ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ስሙን ጠርቶ ገዝቶ ይወጣል። ያገለገለ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይገዛም፤ ገዢው የሚፈልገውን ሳያውቅ ገብቶ በመደርደሪያዎች መካከል እየተንቀሳቀሰ፣ እያወጣና እየመለሰ ይቆያል። ከመደብሮቹ ትልቁ አንድ መቶ ሺህ ያህል መጻሕፍት እንዳሉት ይነገራል። ከአሥር በላይ ሱቆች ባሉበት አደባባይ ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ሸቀጡ በተፈጥሮው ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ የሚበላ ሸቀጥ ደግሞ ውሎን ወደ አዳር ይለውጣል። የሹራብና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የሞሉባቸው ሌሎች የስኮትላንድ ከተሞች ይህ ዕድል የላቸውም፤ የአውቶቡስ ጎብኚ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ገዝቶ ይወጣልና።

ይህ ማለት ንግዱ የተደላደለ ነው ማለት አይደለም። የትልቁ መደብር ባለቤት ሾን ባይቴል በ2017 ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ፣ በቀልዱ ቢታወቅም፣ ለተመራማሪ ግን ከቀልዱ ይልቅ በየዕለቱ ግርጌ የሰፈሩት ቁጥሮች ይጠቅማሉ፤ የዕለቱ ገቢ፣ የገዢዎች ብዛት፣ በኢንተርኔት የታዘዙና ከመደርደሪያ የተገኙ መጻሕፍት። አንድ ሙሉ ዓመት በዚህ መልኩ ተመዝግቦ የታተመበት የገጠር ሱቅ ብዙ አይገኝም። ከማስታወሻው በግልጽ የሚታየው በክረምት ወራት ሱቁ ሊራቆት እንደሚቀርብ፣ በበጋና በፌስቲቫሉ ሰሞን ግን እንደሚያንሰራራ ነው። የኢንተርኔት ገበያ የመጽሐፍን ዋጋ በዓለም ዙሪያ አወዳድሮ ስላወረደው፣ መደብሩ ሊወዳደር የሚችለው በዋጋ ሳይሆን ገዢው በአካል መጥቶ በሚያገኘው ነገር ነው።

እንግዳው ባለሱቅ ሲሆን

ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ የሚጀመረው የመጻሕፍት ፌስቲቫል አሥር ቀን ይቆያል፤ ዛሬ ከ200 በላይ ዝግጅቶች ይቀርቡበታል። የጊዜው ምርጫ ልብ ሊባል ይገባል። የስኮትላንድ የበጋ እንግዳ በነሐሴ መጨረሻ መመናመን ሲጀምር ፌስቲቫሉ ወቅቱን አንድ ወር ያህል ያራዝመዋል። በእነዚያ ቀናት እንግዶች ከከተማዋ አልጋዎች በላይ ስለሚሆኑ በአካባቢው መንደሮችና በኒውተን ስቱዋርት ይሠራጫሉ፤ የነዋሪዎች ትርፍ ክፍሎችም ይከፈታሉ።

ከፌስቲቫሉ ይልቅ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን «ዘ ኦፕን ቡክ» የሚባለው አነስተኛ ሙከራ ነው። በአደባባዩ አጠገብ ያለ አንድ ሱቅ ከላዩ መኖሪያ ክፍል አለው። ይህ ሁለቱንም አንድ ላይ በኤርቢኤንቢ በኩል ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች ያከራያል፤ የሚያስተዳድረው ፌስቲቫሉን የሚያዘጋጀው ድርጅት ነው። ተከራዩ ላይ ያድራል፣ ታች ይውላል፤ በሚቆይበት ሳምንት ሱቁን ከፍቶ መጽሐፍ ይሸጣል፣ መስኮቱን እንደ ፈቃዱ ያስጌጣል፣ ከደጅ ያለውን ሰሌዳ ይጽፋል። የሚሸጠው ገቢ ለእርሱ አይደለም። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ጠያቂዎች ተራ ለማግኘት ዓመታት እስከ መጠበቅ ደርሰዋል።

ከፍሎ የሚሠራ ሠራተኛ በኢኮኖሚ ትምህርት ውስጥ እንግዳ ፍጡር ነው፤ አንዳንድ ሰው በነገሩ ቢያፌዝ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሙከራው የሚያሳየው አንድ ቁም ነገር አለ። የተለመደው እንግዳ ከነዋሪው ጋር የሚገናኘው በገንዘብ መቀበያ ጠረጴዛ በኩል ነው፤ እርሱ ከወዲህ፣ ነዋሪው ከወዲያ። በዚህ ሱቅ ጠረጴዛው ዞሯል። እንግዳው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ነዋሪው ገብቶ ስለ አየሩ ያወራዋል፣ ጎረቤት ባለሱቅ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ ያሳየዋል፣ ሕፃን የተረት መጽሐፍ ይጠይቀዋል። ማስተናገድ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት፣ የየካቲት ማክሰኞ ምን ያህል እንደሚረዝም በገዛ ጊዜው ያውቀዋል። ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በውሎ አይገኝም። ለከተማዋም ቢሆን ጥቅሙ ከኪራዩ ይልቅ በክረምት ወራት አንድ ተጨማሪ ሱቅ መብራቱ በርቶ መቆየቱ ነው።

በቆይታ ብቻ የሚነበብ ሌላም ነገር ከከተማዋ ግርጌ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዳር አለ። በ1685 ግንቦት 11 ቀን ማርጋሬት ማክላክላንና ማርጋሬት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ አንደኛዋ በስድሳዎቹ ዕድሜ፣ ሁለተኛዋ የ18 ዓመት ወጣት፣ ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን ላይ ያለውን ሥልጣን አንቀበልም በማለታቸው በእንጨት ታስረው የባሕር ሙላት እንዲያሰጥማቸው ተደርጓል ተብሎ ይታመናል። የምሕረት ማዘግያ ወጥቶላቸው ስለነበር ቅጣቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አከራክሯል፤ መቃብራቸው ግን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይታያል፤ ሞቱበት በተባለው ስፍራም የመታሰቢያ ምሰሶ ቆሟል። ዛሬ ምሰሶው በሣራማ ረግረግ መካከል ነው። የወንዙ መውረጃ ስለተለወጠ በተርታው ቀን ውኃው ርቆ ይታያል፤ በአንድ ሰዓት የመጣ ጎብኚ «እዚህ ሰው እንዴት ይሰጥማል?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ሰፊው ጭቃማ ሜዳ በስድስት ሰዓታት ውስጥ ወደ ባሕር ሲለወጥ ያየ አዳሪ ግን ጥያቄው አይነሣበትም። በመኸር ከአይስላንድ የሚመጡት ዝዮች በማለዳ ተነሥተው በምሽት የሚመለሱትም በዚሁ ረግረግ ላይ ነው፤ እነርሱን ለማየት የሚሻ ሰው ሁለቱንም ጠርዞች፣ ንጋትንና ምሽትን፣ እዚያው መሆን አለበት።

አልጋ ቤት ነው

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ለአዳሪው ያደላል። ችግሩ የሚጀምረው አልጋው የት እንዳለ ሲጠየቅ ነው። ሆቴል በብዛት የሌላት ትንሽ ከተማ እንግዳዋን የምታሳድረው በቤቶቿ ውስጥ ነው። ቤት ደግሞ አንድ ሆኖ ሁለት ሥራ በአንድ ሌሊት አይሠራም።

ደንኬልድ እዚህ ላይ ለንጽጽር ትጠቅማለች። በቴይ ወንዝ ዳር ያለችው ይህች ከተማ በ1689 ነሐሴ በተደረገ ውጊያ ከጥቂት ቤቶች በቀር ተቃጥላ እንደገና ተሠራች። በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት ትናንሽ ቤቶቿ በ1950ዎቹ ሊፈርሱ ሲቃረቡ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ የቅርስ ባለአደራ ድርጅትና የፐርዝ አውራጃ ምክር ቤት ተከፋፍለው አደሷቸው። ያደሷቸው ለእንግዳ አልነበረም፤ ውስጣቸው ለዘመኑ ኑሮ ተስተካክሎ ለነዋሪ ተከራዩ። ባለአደራ ድርጅቱ በ1960 የጀመረው «የትናንሽ ቤቶች» መርሐ ግብር ደግሞ በተለይ በፋይፍ የባሕር ዳር መንደሮች አሮጌ ቤቶችን እየገዛ፣ እያደሰ፣ መልካቸው እንዳይለወጥ ግዴታ አስገብቶ መልሶ ሸጠ። በሁለቱም አሠራር የቅርስ ጥበቃ ትርጉሙ ቤቱን ከነ ነዋሪው ማዳን ነበር። ደንኬልድን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ውብ መንገድ የልብስ ማስጫና የልጆች ብስክሌት የነበረው መንገድ ነው።

የፋይፉ መርሐ ግብር ግን ቀዳዳ ነበረው። መልክን የሚጠብቅ ግዴታ የነዋሪውን ማንነት አይጠብቅም፤ በሕግ የታሰረ የመስኮት ቅርጽ ያለው ቤት ለእረፍት ጊዜ ብቻ የሚከፈት ቤት ከመሆን የሚያግደው የለም። ዊግታውን ወደዚህ ጥያቄ የመጣችው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በ1990ዎቹ ችግሯ ባዶ ቤት ነበር፤ ማንም ቢገባበት ደስ ይላት ነበር። መጻሕፍቱ ስም ካወጡላት በኋላ ግን ቤት ፈላጊው በዛ፤ የአካባቢው ወጣት ደመወዝ ከኤድንብራ ወይም ከእንግሊዝ ቤቱን ሸጦ ከሚመጣ ጡረተኛ ገንዘብ ጋር ይወዳደር ጀመር። ከእነዚህ መጤዎች መካከል ሱቅ የከፈቱ፣ ፌስቲቫሉን ያቆሙ አሉና ነገሩን «መጤ» እና «ተወላጅ» ብሎ መክፈል እውነቱን ያዛባል።

የስኮትላንድ ሕግ በዚህ ጉዳይ የደረሰበት አስተሳሰብ ከተጠበቀው በላይ ረቂቅ ነው። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ቤት ማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀድሞ ያከራዩ የነበሩትም እስከ 2023 ጥቅምት 1 ቀን እንዲያመለክቱ ታዘዙ። ሕጉ የኪራይ ዓይነቶችን ይለያል፦ ሰው በሚኖርበት ቤት ክፍል ማከራየት፣ ሲወጣ የሚኖርበትን ቤት ማከራየት፣ የማይኖርበትን ቤት ማከራየት። ሦስተኛው ብቻ ነው ከተማን ቤት የሚያሳጣት። መጀመሪያው፣ ቁርስ አብስለው እንግዳ የሚያሳድሩት አሮጊት ሥራ፣ ቤትም ነዋሪም እንግዳም በአንድ ጣራ ሥር ያኖራል። ሆኖም ፈቃዱ የተጠየቀው ከሁሉም ነው። ለዋና ከተማ ብዙ አፓርታማ ላለው አከራይ ቀላል የሆነው ወረቀትና ክፍያ፣ ሁለት ክፍል ላላት የገጠር ሴት ከባድ ነው። ደንቡ ሊቆጣጠረው የፈለገውን ትቶ ሊጠብቀው የሚገባውን የሚያሸሽ ከሆነ፣ በዊግታውን መጠን ባለች ከተማ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄው የምሁራን ብቻ እንዳልሆነ በቅርቡ ታይቷል። የስኮትላንድ መንግሥት በ2024 ሐምሌ ጋሎዌይን አዲስ ብሔራዊ ፓርክ ለማድረግ ሲያጭ፣ ዊግታውን ያለችበት ምድር ተከፋፍሎ ተከራከረ። ደጋፊዎች ሥራና እንግዳ ይመጣል አሉ፤ ተቃዋሚዎች የመንገድ መጨናነቅን፣ የእርሻን ነፃነትና የቤት ዋጋን አነሡ። በምክክሩ ከድጋፍ ይልቅ ተቃውሞ ስለበዛ መንግሥት በ2025 ግንቦት ሐሳቡን ተወው። እንግዳ ለሚጎድላት አካባቢ «ተጨማሪ እንግዳ ይምጣ» የሚል ሐሳብ ውድቅ መሆኑ ከውጭ ሲያዩት ግራ ያጋባ ይሆናል። የት ያድራሉ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም።

የሚቀረው መለኪያ

በ2024 የወጣው የጎብኚ ቀረጥ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቢፈልጉ ከማደሪያ ክፍያ ላይ በመቶኛ እንዲያስከፍሉ ፈቅዷል፤ ኤድንብራ ከ2026 ሐምሌ 24 ጀምሮ 5 በመቶ እንዲሆን ወስናለች። ቀረጡ የሚያርፈው በአዳር ላይ ነው። በከተማዋ ውሎ፣ መንገዷንና መጸዳጃ ቤቷን ተጠቅሞ፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ መጥቶ የሚመለሰው ጎብኚ አይነካውም። በዋና ከተማ ይህ ሊያስኬድ ይችላል፤ ራት በልቶ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ በማግስቱ ሦስት መጻሕፍት ገዝቶ የሚሄድን ሰው ለምትሻ ከተማ ግን ቀረጡ የተገላቢጦሽ ይሆናል። የገጠር ምክር ቤቶች ሕጉን ከመውሰዳቸው በፊት ይህን መመዘን ይኖርባቸዋል።

ለመመዘን ደግሞ የሚያስፈልገው መረጃ ተበታትኖም ቢሆን አለ። በስኮትላንድ አንድ ቤት ነዋሪ ወይም ሁለተኛ ቤት ሲሆን በመኖሪያ ቤት ግብር መዝገብ ይገኛል፤ ቢያንስ ለ140 ቀን ለኪራይ ቀርቦ 70 ሌሊት ከተከራየ ወደ ንግድ ቤቶች መዝገብ ይዛወራል፤ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ከሆነ በፈቃድ መዝገብም ይሰፍራል። ሦስቱ መዝገቦች በአውራጃ ደረጃ ሳይሆን በመንገድና በአደባባይ ደረጃ ተያይዘው ቢነበቡ፣ በዊግታውን አደባባይ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ስንቱ ዓመቱን ሙሉ ሰው እንደሚያድርበት፣ ስንቱ እንግዳ ብቻ እንደሚያሳድር፣ ስንቱም ለጥቂት ሳምንታት ተከፍቶ እንደሚዘጋ ማወቅ ይቻላል። የሦስተኛው ዓይነት ቤት ባለቤት በጎብኚ መዝገብም በነዋሪ መዝገብም እኩል አይታይም፤ ቀጣዩ ጥናት መጀመር ያለበት ከእርሱ ነው።